በአፈርሳታው የተናገረችው ወፍ

ወንድሜ ሲደውል፣ በማላውቀው አገር፣ እኔ ከመወለዴ እጅግ በፊት፣ የአንድ ባለርስት ድርቆሽ እየነደደ ነበር። ታሪኩን ከመጽሐፍ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነበርኩ። በስደት በምኖርበት ከተማ ዳር፣ ስካይዌይ፣ የማስታምማቸው እማማ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ረፋድ ነው። ዝናብ ልሁን ጉም ልሁን ብሎ ያልወሰነ ነገር ሐይቁን ሸፍኖ፣ ከታች ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ያጠፋቸዋል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ያቆምኩበት እንዳይጠፋብኝ አንድ ጣቴን መስመሩ ላይ እንዳደረግኩ በሌላው እጄ አነሳሁት።

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ። ምነው፣ በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው፣ አትደንግጪ። የሞተ ሰው አለ፣ ግን ከቤታችን አይደለም።»

ለቀብር ወደ ተወለድንበት መንደር ወርዶ ነበር። የሞቱት ሽማግሌ እኔ በልጅነቴ ጎረምሳ ሆነው የማውቃቸው፣ ኋላ ላይ ግን ለእርቅ የሚጠሩ፣ በማኅበር ቀድመው የሚቀመጡ የተከበሩ ሰው ሆነዋል።

«ሊሞቱ ሲሉ የንስሐ አባታቸውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ልጆቻቸውን ሰብስበው ተናዘዙ» አለኝ። «ልጆቹ መሬት ሊያካፍሉን ነው ብለው ወደ አልጋው ጠጋ ጠጋ ብለዋል አሉ። እሳቸው ለካ እሳት ሊያካፍሏቸው ነው!»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የባለርስቱን ክምር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አሉ። ያኔ፣ በንጉሡ ጊዜ። ያ ታስሮ የሞተው ሰውዬ፣ አባባ እየነዳ ወረዳ ያደረሰው፣ ምንም የለበትም አሉ። ወፏ የሱን ስም ስትጠራ ቁጭ ብዬ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ፣ ሕዝብ ሁሉ ይወቅልኝ አሉ። አንቺ ታስታውሺዋለሽ እንዴ? እኔ እኮ አልተወለድኩም።»

«አስታውሳለሁ» አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ ጣቴ አሁንም መስመሩ ላይ ነበር።

«ማነው የሞተው?» አሉኝ እማማ።

«አንድ የአገሬ ሰው።»

አንገታቸውን ነቀነቁና፣ «ድርቆሹስ? ማን እንዳቃጠለው አወቁ?» አሉኝ።

«ገና አልደረስኩበትም» አልኳቸው።

እማማ የምላቸው በልቤ ነው። በአፌ በስማቸው እንድጠራቸው አዘውኛል፤ የዚህ አገር ደንብ እንደዚያ ነው። ይኸው ስንት ዓመት ሆነኝ፣ ዘጠናን ያለፉ ሰው በስማቸው ስጠራ አሁንም ምላሴ ይከብደኛል። ጠዋት ከምኖርበት ከሬኒየር ቢች አውቶቡስ ይዤ እመጣለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ቁርሳቸውን አቀርባለሁ። ከዚያ እናነባለን። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። የምናነበው የቅድመ አያታቸውን ማስታወሻ ነው። እኚህ ቅድመ አያት አየርላንድ ውስጥ የገጠር ፖሊስ ነበሩ። የእማማ የልጅ ልጅ የደበዘዘውን የእጅ ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ታይፕ አድርጎ አስጠርዞላቸዋል። የኔ እንግሊዝኛ ዝግ ያለ ነው፤ እሳቸውም ዝግ ብሎ ሲነበብላቸው ይወዳሉ።

መጀመሪያ ሰሞን የሰው አገር ታሪክ ነው ብዬ ነበር የማነበው። ቀስ በቀስ መንደሩን አወቅኩት። ባለርስቱ የሚኖረው ከተማ ነው። መሬቱን ጭሰኞች ያርሳሉ። ድንቹ ሲበሰብስባቸው ግብሩን መስጠት ያቅታቸዋል፤ ያን ጊዜ ፖሊሶች ታዘው ይመጣሉ። ሴቱም ልጁም ከነምንቸቱ ደጅ ይወጣል፤ ተመልሰው እንዳይገቡ ጣራው ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የጌታው ድርቆሽ ይነዳል። የጌታው ላሞች ጅራታቸው ተቆርጦ ይገኛል። በሩ ላይ የሬሳ ሣጥን የተሳለበት ወረቀት ተለጥፎ ይነጋል። ፖሊሱ ደብተሩን ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ማንም ምንም አላየም። እሱ ራሱ የገበሬ ልጅ ነው፤ ሃይማኖቱም የነሱው ነው። ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። አንድ ገጽ ላይ «ዛሬም አግዳሚውን ብቻዬን ሞላሁት» ብሎ ጽፏል።

«ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ወንጀለኛ ይዞ አያውቅም» ይላሉ እማማ እየሳቁ። «የያዘው አንዲት ፍየል ብቻ ነው። እሷም እጇን ሰጥታ ነው።»

«ለምን አልነገሩትም? ያየ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ለፖሊስ? ለፖሊስ የተናገረ ሰው እኮ ውዴ፣ ልጆቹን የሚያገባለት አያገኝም ነበር።»

እኔ ተገረምኩ። እኛ ጋ የሚወገዘው ያየውን የደበቀ ነው።

አባቴ ነጭ ለባሽ ነበር። የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ ከገበሬው መካከል ተመርጦ፣ የራሱን ነጭ ልብስ እንደለበሰ ምንሽሩን አንግቶ የመንደሩን ጸጥታ የሚጠብቅ ሰው ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመው የሚያወጉት ወንዶች አባቴ ሲደርስ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምሩ ነበር። ያኔ አላስተዋልኩትም። የዚያን ፖሊስ አግዳሚ ሳነብ ነው ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ትዝ ያለኝ።

የዚያን ዓመት ባለርስቱ ሁለት ጭሰኞችን ከመሬቱ አስነቅሎ ነበር። አሁን የሞቱት ሽማግሌ፣ ያኔ ጎረምሳው፣ ከተነቀሉት የአንደኛው ታናሽ ወንድም ናቸው። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው፤ ሰባት ዓመቴ ነበርና የማን ወንድም ማን እንደሆነ አላጣራም ነበር። የማስታውሰው ጤፉ ተከምሮ፣ ክምሩ ከቤታችን በላይ ዐውድማው ላይ እንደ ቤተ መቅደስ ጉልላት ተቀምጦ ነው።

ክምሩ በነደደበት ዕለት፣ ወደ ምሽት ላይ ከምንጩ ስመለስ፣ ያንን ኋላ ታስሮ የሞተውን ሰውዬ መንገድ ላይ አገኘሁት። በእጁ ገል ይዟል፤ ገሉ ላይ ፍም አለ፣ ፍሙ ላይ ኩበት ፈርፍሮበታል፤ እንዳይጠፋበት እፍ እፍ እያለ ይሄዳል። በየቤቱ ክብሪት በሌለበት ዘመን እሳት የጠፋበት ሰው ከጎረቤት ይጭራል፤ ይህ የሴትና የልጅ ሥራ ነው። ወንድ እሳት ሲጭር አይቼ ስለማላውቅ ቆሜ አየሁት። ሚስቱ አራስ ነበረች። በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ እልል ሲባል ሰምተናል፤ ሴት ልጅ ናት።

«ልጄ፣ ዞር በይልኝ፣ እንዳላቃጥልሽ» አለኝ።

ዞር አልኩለት። ፊቱ በፍሙ ቀልቶ ነበር። ፈገግ ያለ ይመስለኛል።

ሌሊቱን ክምሩ ሲነድ እኔ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ስነቃ መንደሩ በሙሉ የተቆላ እህል ይሸታል። አባቴ አጥሩ ጋ ምንሽሩን አስደግፎ ፊቱን ይታጠባል፤ ዓይኖቹ በጢሱ ደም ለብሰዋል።

«ማታ ውኃ ስትወርጂ ማንን አየሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

የሰውየውን ስም ነገርኩት።

«ምን ይዞ ነበር?»

«እሳት።»

ቀና አለ። ውኃው ከጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። እርጥብ እጁን ራሴ ላይ አደረገና «ዓይንሽ ይባረክ» አለኝ። አባቴ ለልጅ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ያችን ምርቃት ስንት ዓመት እንደ ጌጥ አስቀምጫት ኖርኩ። ወዴት ሲሄድ ነበር ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ሚስቱ አራስ ናት አላልኩትም። እሱ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር፤ ወይም ምንም አልመሰለኝም ነበር። እጁ ራሴ ላይ እንዲቆይ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ከዚያ ጭቃ ሹሙ አፈርሳታ ጠራ። ለማያውቀው ልንገር፦ እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ሁሉም ይምላል። የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጡና ለብቻቸው ዞር ብለው ይቀመጣሉ፤ ያየ፣ የሰማ ሰው ለነሱ ይነግራል። እነሱም ነጋሪው ማን እንደሆነ ሳይገልጹ «ወፍ እንዲህ ብላናለች» ብለው ለጉባኤው ያሰማሉ። ወፏ ማን እንደነበረች የሚያወጣ የተገዘተ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። ከእናቴ ጋር የአባቴን ምግብ ይዘን እንሄድ ነበር፤ ሴት ከቁልቋሉ አጥር አታልፍም። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል፤ ከሩቅ የሚናገርም የሚሰማም አይመስልም፤ ሜዳው ላይ ደመና ያረፈ ነው የሚመስለው። በሦስተኛው ቀን ሰውየው እጁ የኋሊት ታስሮ ወረደ። የገመዱ ጫፍ አባቴ እጅ ላይ ነበር። በቤቱ በኩል ሲያልፉ ሚስቱ አልወጣችም፤ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሣ አራስ ደጅ አትወጣም። ከውስጥ ስትጮህ ብቻ ሰማን። ጩኸቷ ከግድግዳው እየተጋጨ ተመልሶ ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስል ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ እስር ቤት በተስቦ ሞተ ተባለ። ሚስቱ ልጇን አዝላ ወደ ዘመዶቿ ሄደች፤ የትኛው አገር እንደሆነ አልሰማሁም። እኔም፣ ያጠፋ ተቀጣ ብዬ አደግኩ። ንስሐ በገባሁ ቁጥር የረሳሁትን ኃጢአት አባቴ ይፍቱኝ ስል፣ ይህኛው ከረሳሁት ውስጥ እንኳ አልነበረም። ጽድቅ ነበር የመሰለኝ።

ከወንድሜ ስልክ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንደ ሕልም ናቸው። አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ሲደበዝዝ፣ የማየው የትኛውን ኮረብታ እንደሆነ ይጠፋኛል፦ ስካይዌይን ይሁን፣ የእማማን ቅድመ አያት አረንጓዴ አገር ይሁን፣ የኛን ዐውድማ ይሁን። ሰውየው በሦስቱም ላይ ገሉን ይዞ ይሄዳል። ዳዊቴን ስደግም ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገር አየዋለሁ። እፍ ይላል፤ ፍሙ ይቀላል፤ ፊቱ ይታያል፤ ይጠፋል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ይዣለሁ፦ ወደኔ ሲመጣ የምትጠልቀዋ ፀሐይ ከጀርባው ነበረች። ዞር ያልኩት ዓይኔን ስለወጋችኝም ነው። እንግዲያው የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። ዐውድማው በየት በኩል ነበር? ቤቱስ? መሬት ላይ በጣቴ ልስለው እሞክራለሁ፤ ቤታችንን አስቀምጣለሁ፣ ምንጩን አስቀምጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አስቀምጣለሁ፤ የሱን ቤት ሳደርስ እጄ አየር ላይ ይቀራል። የጮኸችበትን ግድግዳ አስታውሳለሁ፣ የቆመበትን ግን አላስታውስም።

አንድ ቀን ለእማማ ሳነብ እንዲህ የሚል ገጽ ደረስን። ፖሊሱ ድርቆሹ በነደደ ማግስት አንዲት ትንሽ ልጅ ምንጭ ዳር አገኘ። ትናንት ማታ በዚህ ያለፈ ሰው አላየሽም ወይ ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተመለከተችና፣ ምንም አላየሁም ጌታዬ ብላ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። ፖሊሱ ከሥሩ፣ «በደንብ ተምራለች» ብሎ ጽፏል።

እማማ ወንበራቸውን መታ መታ አደረጉ። «አይታለች! እንኳን ሰውየውን ጫማውን አይታለች! ጎበዝ!»

ማንበቤን አቆምኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔ ነግሬያለሁ» አልኳቸው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገሉን እንዴት እንደምገልጽላቸው ጠፍቶኝ፣ ከኩሽና ሰሐን አምጥቼ፣ እንዲህ አድርጎ ይዞት ነበር ብዬ አሳየኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የደከሙ ዓይኖቻቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሰባት።»

«አባትሽ እንደዚያ ፖሊስ ባለ ቁልፍ ኮት ነበረው?»

«አልነበረውም። እንደማንኛውም ገበሬ ነው የሚለብሰው።»

«እንግዲያው ለፖሊስ አልነገርሽም» አሉ። «ለአባትሽ ነው የነገርሽው።»

ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔን ግን ወደ ሌላ ጥያቄ መለሰኝ። አባቴ የነገርኩትን የት አደረሰው? እንዳልጠይቀው ከሞተ ቆይቷል። ዋጥ አድርጎት ይሆናል፤ የልጅ ወሬ ነው ብሎ ንቆት ይሆናል። ሌላ ሰው ይሆናል የተናገረው። ወይም ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ተንበርክኮ፣ ከኔ አፍ የወጣችውን አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አድርሶ ይሆናል፤ እነሱም ተነሥተው ወፍ ነገረችን ብለው ይሆናል። ይህን ሳላውቅ የማንን ምሕረት እለምናለሁ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን መኪናቸው ጋ ጠበቅኳቸው። ሰው ሁሉ ፓርክ ካደረገበት እየወጣ ነው፤ መስቀላቸውን ተሳልሜ ነገርኳቸው።

«የሰባት ዓመት ልጅ!» አሉኝ። «ልጄ፣ ይህማ አይያዝብሽም። አባትሽንም እግዚአብሔር ያውቀዋል። ጸሎተ ፍትሐት እናድርስለት፤ ለዚያም ለተበደለው ሰው እናድርስ።»

«ይደረግልኝ አባ። ግን ይያዝብኛል ወይ ብዬ አይደለም። እኔ ነኝ ወይ ያሰርኩት፣ እሱን ነው።»

ዝናቡ ቆባቸው ላይ ያካፋል፤ ጥላ ልይዝላቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ።

«እሱን እኔ ልነግርሽ አልችልም» አሉ። «እኔ እዚያ አልነበርኩም። የነበሩትን ጠይቂያቸው። ሰዎቹ ሳያልቁ ቶሎ ጠይቂ።»

እነሆ እየጠየቅኩ ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ ሦስቱን ቀን የተቀመጣችሁ አባቶች፣ ከናንተ መካከል በሕይወት ያላችሁ ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ምግብ ይዛችሁ ከአጥሩ ዳር የቆማችሁ እናቶችም ትኖራላችሁ። ይህን ያነበበ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ ቁጭ ብሎ ያንብብላችሁ።

የሰውየው ቤት ከምንጩ በየት በኩል እንደነበር ንገሩኝ። ከምንጩ ወደ ምሥራቅ ከነበረ፣ ፍሙን ይዞ ወደ ሚስቱ እየሄደ ነበር ማለት ነው፤ ይህን አይቼ ሳልናገር ቀርቻለሁ። ወፏ ምን ብላ እንደተናገረችም ንገሩኝ፤ «እሳት ይዞ» የሚል ቃል ነበረበት ወይ? ያን ቀን ክርስትና ያልተነሣችው ሕፃን ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ናት። የት እንዳለች የሚያውቅ ካለ ያሳውቀኝ፤ እግሯ ላይ ለመውደቅ የአውሮፕላን መንገድ አይከብደኝም።

መሐላ እንዳለባችሁ አልረሳሁም። ያንን ግዝት እንድታፈርሱ አልጠይቅም፤ ወደ ንስሐ አባቶቻችሁ ሂዱና አማክሩ። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ግዝቱ የተጣለው ነጋሪዋ እንዳትጎዳ ነው። ያች ነጋሪ እኔ ከነበርኩ፣ መደበቄ ይቅርብኝ። ስሜን ከሰውየው ስም ጎን ጥሩት፤ ልጁም ትስማው።